ያልተሟሸ ማሽን

በዚያን ጊዜ ወልቂጤ ውስጥ ጉርድ ፎቶ የፈለገ ሰው በቀጥታ ወደ ፎቶ ቤቴ አይሄድም ነበር። መጀመሪያ ፊት ለፊት ያለው ካፌ ይገባና ዓይኑን ያንከራትታል። ጥግ ላይ ማኪያቶዬን በሁለት እጄ አቅፌ ሲያገኘኝ «ፎቶ ልነሳ ነበር» ይለኛል። እኔም «እስክጨርስ ተቀመጥ» እለዋለሁ። ይቀመጣል፤ ዝም ብሎ መቀመጥ ደግሞ ስለሚከብድ እሱም አንድ ያዛል። ወሬ ወሬን ይስባል። አንዳንዱ ደንበኛዬ እንዲያውም ለምን እንደመጣ ረስቶት፣ አመስግኖኝ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ከእነሱ መካከል እስከ ዛሬ መታወቂያ ያላወጡ ያሉ ይመስለኛል።

ሚስቴ ወይንሸት የቡታጅራ ልጅ ናት። ተጋብተን ወልቂጤ ካመጣኋት ገና ዓመት አልሞላትም ነበር። እናቷ፣ እህቶቿ፣ አብሮ አደጎቿ ሁሉ እዚያ ናቸው፤ እዚህ ያላት ሰው እኔ ነኝ፤ እኔ ደግሞ ያለሁት ካፌ ነው። አንድ እሁድ ምሳ እየበላን፣ ማንጠልጠያው ላይ ያለውን ኮቴን በዓይኔ ስፈልግ አየችኝና «ያንን ነገር እዚሁ ብትጠጣው ምን ይልሃል? ቢያንስ የማወራው ሰው አገኛለሁ» አለችኝ። አልተቆጣችም። ብትቆጣ በተሻለኝ። ቀስ ብላ ነው የተናገረችው።

ስለዚህ ካፌውን ወደ ቤቴ ላመጣላት ወሰንኩ። ጤነኛ ሰው ቢሆን ራሱ ከካፌው ወደ ቤቱ ይመጣ ነበር። እኔ ግን መፍትሔ ሲመጣልኝ ሁልጊዜ ረጅሙ ነው የሚመጣልኝ።

ደግነቱ በዚያው ሰሞን አንድ ተስፋ ብቅ ብሎ ነበር። ግድግዳ የምንጋራቸው እትዬ ዘነቡ ወይንሸትን ለቡና መጥራት ጀምረው ነበር። የኛን ሰፈር የማያውቅ ሰው ይህ ቀላል ነገር ሊመስለው ይችላል። አይደለም። የእትዬ ዘነቡ ቡና ላይ የተጠራች ሴት ሰፈሩ ውስጥ ገባች ማለት ነው። ወንፊት ትዋሳለች፤ ስታምጥ የሚደርስላት፣ ስታለቅስ አብሯት የሚያለቅስ ታገኛለች። ያልተጠራች ደግሞ ዘላለም «ያቺ የፎቶ አንሺው ሚስት» እንደተባለች ትኖራለች። ወይንሸት ከመጀመሪያው ቡና ስትመለስ ፊቷ በርቶ ነበር፤ «ስሜን ያዙት» አለችኝ። ይህን ልብ በሉልኝ፤ የኔ ማሽን ሊንደው የነበረው ይህንን ነው።

ማሽን ልገዛ ስነሳ መጀመሪያ ያማከርኩት የካፌውን ባለቤት ጋሽ ደምሴን ነው። ይህ ጅልነት መሆኑን የተረዳሁት ጥያቄውን ከጨረስኩ በኋላ ነው።

«ጋሽ ደምሴ፣ ለቤት የሚሆን፣ ዋጋውም የማይጎዳ የማኪያቶ ማሽን የት ይገኛል?»

ሲጠርጉት የነበረውን ብርጭቆ አስቀመጡ። «ለቤት?»

«አዎ፣ ለቤት።»

«ስንት ወንበር ያለው ቤት?»

ማልኩ፣ ተገዘትኩ። አላመኑኝም። «ፎቶ ቤትህ በረንዳ ላይ ካፌ ልትከፍት ነው ሲባል ሰምቻለሁ» አሉኝ።

«ከማን ሰሙ?»

«አሁን ካንተ።»

ከዚያን ቀን ጀምሮ የሚቀርብልኝ ማኪያቶ አረፋው በዛ፣ ቡናው አነሰ። ሆኖም ነጋዴ ናቸውና ጓሮ ያስቀመጡትን፣ ጡረታ የወጣውን የድሮ ማሽናቸውን «ላንተ ስል በቅናሽ» ብለው ጠሩልኝ። ሄጄ አየሁት። ቁመቱ የወይንሸትን ያህላል። የሚፈልገውም መብራት ለወፍጮ ቤት የሚገባውን ዓይነት ነው። እሱን ማድ ቤታችን ለማስገባት ማድ ቤታችንን መጀመሪያ ማስወጣት ስለሚኖርብኝ አመስግኜ ተውኩት።

ሁለተኛው ምርጫዬ ገበያው አጠገብ ካለ ሱቅ ያገኘሁት፣ ከላይና ከታች ሁለት ክፍል ያለው፣ እንደ ክዳን እየዞረ የሚገጥምና ምድጃ ላይ የሚጣድ ትንሽ የአሉሚኒየም ማንቆርቆሪያ ነበር። ዋጋው ደስ ይላል። ቡናውም እውነተኛ ነው፤ ባለሱቁ አፍልቶ አቅምሶኛል። እኔ ግን ማሽን ለመባል ቢያንስ ገመድ ሊኖረው ይገባል ብዬ ናቅኩት። ያንን ገዝቼ ቢሆን ኖሮ ይህን ወግ የምጽፍበት ምክንያት አይኖርም ነበር፤ እናንተም አሁን ሥራችሁን ትሠሩ ነበር።

ሦስተኛው ቡታጅራ ነበር። የሚስቴ ቤተሰቦች ጎረቤት የሆኑት ሐጂ ሙደሲር ከዓረብ አገር የሚመጣ የቤት ዕቃ ይሸጣሉ፤ ካውያ፣ ፔርሙዝ፣ የጁስ መፍጫ፣ አንዳንዴ ደግሞ ምን እንደሆነ ራሳቸውም የማያውቁት ነገር። ተነሥቼ ሄድኩ።

«አሰላሙ አለይኩም፣ ሐጂ።»

«ወአለይኩም ሰላም! ሙሽራው! ልጃችን ደህና ናት? ከሳች እንዴ?»

«ደህና ናት፣ አልከሳችም። የማኪያቶ ማሽን ፈልጌ ነው የመጣሁት።»

«አልሐምዱሊላህ። እንግዲያው ተቀመጥ፣ መብራት የለም።»

በዚያን ሰሞን መብራት በፈረቃ ነበርና መብራት እስኪመጣ የወይንሸትን ዘመዶች ጤንነት አንድ በአንድ ስንጠያየቅ ቆየን። መብራቱ ሲመጣ ሐጂ ሁለት ማሽኖች አውጥተው ጠረጴዛ ላይ ደረደሩ። መጠናቸው እኩል ነው። ዋጋቸውም እኩል ነው። የመጀመሪያውን አበሩት። ጆሮዬን አስጠጋሁ፤ ምንም የለም። የሆነች ቀጭን ትንፋሽ ብቻ ትሰማለች።

«ሐጂ፣ ይሄ እየሠራ ነው?»

«እየሠራ ነው።»

«ታዲያ ምነው አይሰማም?»

«ጥሩ ስለሆነ ነዋ።»

ይህ መልስ አላሳመነኝም። ያደግኩት ወፍጮ ቤት አጠገብ ነው። የሚሠራ ነገር ከሩቅ መሰማት እንዳለበት ከሕፃንነቴ ጀምሮ አውቃለሁ። ሁለተኛውን አበሩት። ጠረጴዛው ተንቀጠቀጠ፤ መደርደሪያ ላይ ያሉት ብርጭቆዎች እርስ በርስ ተንጫጩ፤ በር ላይ ታስራ የነበረች ፍየል ገመዷን በጥሳ ሄደች።

«ይሄ ነው ማሽን» አልኩ።

ሐጂ እጄን ያዙኝ። «ልጄ፣ ወላሂ የመጀመሪያውን ውሰድ። እኔ እኮ በሁለቱም ያው ነው የማገኘው።»

«ዋጋቸው አንድ ከሆነማ ብዙ ድምፅ ያለው ነው የሚያዋጣው።»

ሐጂ አዩኝና «ማሻአላህ» አሉ። ለምን እንዳሉ በዚያን ጊዜ አልገባኝም ነበር። ቀጥለውም ፍየሏን ፍለጋ ወጡ።

ማሽኑ ካርቶን ስላልነበረው በአንሶላ ጠቅልዬ ሚኒባስ ውስጥ ጭኔ ላይ አስቀመጥኩት። የእንፋሎት ማውጫው ቀጭን ቱቦ ግን አልጠቀለል ብሎ በአንሶላው ቀዳዳ ወጥቶ ይታያል። አጠገቤ የተቀመጡት ሽማግሌ ተራራውን እስክንጨርስ ድረስ ቱቦውን ሲመለከቱ ቆዩና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «የልብ ነው የኩላሊት?» አሉኝ።

«የማኪያቶ ነው፣ አባባ።»

በሐዘኔታ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ምሕረቱን ያውርድልህ። ዛሬ ዛሬ የማይመጣ በሽታ የለም።»

እኔም ማብራራቱ ስለደከመኝ «አሜን» አልኩ። ይህ «አሜን» ዋጋ አስከፈለኝ። አታት ስንደርስ ረዳቱ በሩን ከፍቶ «ሆስፒታል ወራጅ» ብሎ ተጣራ። ማንም አልተነሳም። ከዚያ ሽማግሌው ወደኔ ጠቆሙ፤ ሰዉ ሁሉ ዞሮ አየኝ። «አይዞህ፣ አታፍርም» አለች አንዲት ሴት። ሌላው ማሽኑን ከነአንሶላው ተቀበለኝና በጥንቃቄ መሬት ላይ አስቀመጠው። አንዱ ጎልማሳ ደግሞ እንዳልወድቅ ክንዴን ደገፈ። እንግዲህ በዚህ ሁሉ ደግነት መካከል «ደህና ነኝ፣ ወልቂጤ ነው የምሄደው» እንዴት ይባላል? ይሉኝታ ያዘኝና ወረድኩ። ሚኒባሱ እስኪሰወር ድረስ ሽማግሌው በመስኮት እጃቸውን እያውለበለቡ ነበር። እኔም ማሽኔን ታቅፌ መንገድ ዳር ቆሜ ሌላ መኪና ጠበቅኩ። በሁለተኛው መኪና ላይ ለጠየቀኝ ሁሉ «ራዲዮ ነው» አልኩ።

በማግስቱ ማለዳ ወይንሸት ሲኒዎቹን አቀረበች፣ እኔም ማብሪያውን ተጫንኩ። ምኑን ልንገራችሁ። የድስቶቹ ክዳኖች ጨፈሩ። ከኮርኒሱ ላይ አቧራ ወረደ። ወይንሸት ልጅ ሳለች መሬት ሲንቀጠቀጥ እንዳደረገችው በሩ መቃን ስር ቆመች። ሆኖም በመጨረሻ ማኪያቶ መጣ፤ ያውም ደህና ማኪያቶ። ማለዳው ብርድ ስለነበር በሩን ዘግተን፣ ፊት ለፊት ተቀምጠን ጠጣን። አረፋው ከንፈሯ ላይ ቀርቶ ስትስቅ አየኋትና በሕይወቴ ከዚህ የተሻለ ነገር ገዝቼ አላውቅም አልኩ።

ከግድግዳው ወዲያ ግን እትዬ ዘነቡ ነበሩ።

በዚያ ቀን ወይንሸት ቡና አልተጠራችም። በማግስቱም ነጠላዋን ለብሳ ተዘጋጅታ ብትጠብቅ የሚጠራት የለም። በሦስተኛው ቀን በር ላይ ተገናኝተው «እትዬ፣ ደህና አደሩ?» ስትላቸው፣ «እኛማ ምን እንሆናለን። ማለዳ ማለዳ ሥራ የበዛባችሁ እናንተ ናችሁ» ብለው አለፏት። ወይንሸት ፊቷ ተለዋውጦ ገባች።

«ቡና ብቻችንን በር ዘግተን እንደምንጠጣ ሰምተዋል።»

«ማን ነገራቸው?»

«ማሽንህ።»

አስቡት እንግዲህ። ጎረቤቱን ሳይጠራ ቡና የሚጠጣ ሰው ቢያንስ በድብቅ ነው የሚጠጣው። እኛ ግን ሰፈሩን ሁሉ ቀስቅሰን፣ ግድግዳቸውን ነቅንቀን፣ «እየጠጣን ነው፣ አልጠራናችሁም» እያልን ማለዳ ማለዳ ስናውጅ ከርመናል።

መፍትሔው ቀላል መስሎኝ ነበር፤ ድምፁን መደበቅ። መጀመሪያ ማሽኑን ጋቢ አለበስኩት። ድምፁ አልቀነሰም፤ ጋቢው ግን ማረር ጀመረ። ቀጥዬ ማሽኑ ሲነሳ ራዲዮኑን እስከ መጨረሻው ከፈትኩት። አሁን እትዬ ዘነቡ ከማሽኑ ጋር ዜናም መስማት ጀመሩ። «ደግሞ ይጨፍሩብን ጀመር» አሉ ተባለ።

በዚህ መሐል ሰፈር ውስጥ ወሬው መልኩን ቀየረ። ከታች ሰፈር ያለችው ራህማ አንድ ጠዋት ትከሻዋ ላይ ከረጢት ይዛ መጣች። ደጃፋችን ላይ አወረደችውና ተነፈሰች። በርበሬ ነው።

«ወፍጮ አስገብታችኋል ሲሉ ሰምቼ ነው። ገበያው ጋ ያለው ወረፋ አይቻልም።»

«ኧረ ራህማ፣ ወፍጮ አይደለም» አልኩ።

«ታዲያ ያ የሚጮኸው ምንድን ነው?»

«የቡና ማሽን ነው።»

ራህማ ከረጢቷን መልሳ እየተሸከመች በዝግታ አሰበችበት። «ያ ሁሉ ጩኸት ቡና ነው? በየቀኑ? በር ዘግታችሁ?»

እስከዚያ ደቂቃ ድረስ ነገሩን የሚያውቁት እትዬ ዘነቡና የቅርብ ጎረቤቶች ብቻ ነበሩ። ከዚያ በኋላ ታች ሰፈርም አወቀ። ወፍጮ ነው ብላት ምን ነበረበት? በርበሬውንም አንድ ነገር አደርገው ነበር።

ከዚህ ወዲያ ያለው መንገድ አንድ ብቻ ነው አልኩ፤ ሁሉንም መጥራት። ወይንሸትን እንኳ በደንብ ሳላማክራት ቤት ለቤት ዞሬ ጠራሁ። ፎቶ ቤቱ ሥራ የሚቀዘቅዝበትን ቀን መረጥኩ። ወተት በጀሪካን ገዛሁ። ሴቶቹ መጥተው ክብ ሠርተው ተቀመጡ፤ እትዬ ዘነቡም መጡ፤ ቅር እያላቸውም ቢሆን መጡ። የመጀመሪያውን ማኪያቶ አረፋውን አሳምሬ ሳቀርብላቸው ሲኒውን አይተው፣ እኔን አይተው፣ «ልጄ፣ ረቡዕ ነው» አሉ።

ለካ ረቡዕ ኖሯል። ጾም ነው። ያን ሁሉ ወተት መንካት የምትችለው ራህማ ብቻ ነበረች፤ እሷም ደጋግማ ነካችው። ለቀሩት ጥቁሩን ልቀዳ ተመለስኩ። ይህ ማሽን ደግሞ ጥቁሩን ሲቀዳ ሲኒውን እስከ ግማሽ እንኳ አይሞላም፤ ካፌ ውስጥ ይህ ክብር ነው፣ «ወፍራም» ይባላል። እትዬ ዘነቡ ሲኒውን አዘንብለው ውስጡን ተመለከቱ።

«ከዚህ ላይ ሰው ጠጥቶበታል?»

«የለም እትዬ፣ ልኩ ነው።»

«የማን ልክ?»

በሰው ቤት ጎድሎ የተቀዳ ሲኒ ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ፤ «ቶሎ ሂዱልኝ» ማለት ነው። በዚያ ላይ ማሽኑ በአንድ ጊዜ የሚቀዳው ሁለት ብቻ ነው። የመጨረሻዋ ሴት ሲኒዋን ስትቀበል የመጀመሪያዋ ቤቷ ሄዳ ምሳ ጥዳ ተመልሳ ነበር። አንዷ «ቶናው መቼ ነው?» ብላ ስትጠይቅ «ማሽኑ ቶና የለውም» አልኳት፤ ይህንንም የተናገርኩት በኩራት ነው፣ ለምን እንደሆነ አትጠይቁኝ። ሴቶቹ ተያዩ። እትዬ ዘነቡ ነጠላቸውን አጣፉና ሲወጡ «እግዜር ይስጥልን፣ ለቀመስነው» አሉ።

ማታ ወይንሸት ሲኒዎቹን ስታጥብ ጀርባዋን ሰጥታኝ ነበር። እያለቀሰች መሆኑን ከትከሻዋ አወቅሁ። ማሽኑን አንስቼ አስፋልት ላይ ልከሰክሰው አሰብኩ፤ ክብደቱ ነው የከለከለኝ። «እናቴ ጋ ትንሽ ልሰንብት» አለች። «ትንሽ» ስትል ድምፅዋ ትንሽ አይመስልም ነበር። እኔ ደነገጥኩና «እሳቸው ይምጡ፣ አንቺ አትሂጂ» ብዬ ለመንኳት። ወደ ቡታጅራ መልእክት ላክን።

አማቴ ቅዳሜ ማለዳ ደረሱ። ቆጮና በእንሰት ቅጠል የተጠቀለለ ትልቅ ቅቤ ይዘው ነው የመጡት። ልጃቸው ከስታ እንደሆነ ዙሪያዋን አዩ። ከዚያ ያ ዝነኛ ማሽን የቱ ነው አሉ፤ ቀድቼ አቀረብኩላቸው። ፉት ብለው ፊታቸውን አጨማደዱ።

«ልጄ፣ ይሄ ዕቃ ተሟሽቷል?»

«እማማ፣ የኤሌክትሪክ ነው።»

«አዲስ አይደለም?»

«አዲስ ነው።»

«አዲስ ዕቃ ሳይሟሽ ይፈላበታል? ጀበና ብትገዛ፣ ጣባ ብትገዛ፣ ምጣድ ብትገዛ ሳታሟሸው ታበስልበታለህ? ምሬቱ እኮ ከዚህ ነው።»

እኔም «እውነትዎን ነው፣ እማማ» ብዬ ወደ ፎቶ ቤቴ ሄድኩ። አማቱ ያሉትን ፊት ለፊት «አይሆንም» የሚል አማች ካለ እስቲ ይምጣና ያስተምረኝ። እሳቸው ግን ይህንን እንደ ፈቃድ ነው የወሰዱት። ለነገሩ ፈቃድ ነበር።

ለምሳ ስመለስ ማሽኑ ከላይ እስከ ታች ያብለጨልጫል። ቤቱ የመስቀል ሰሞን ክትፎ ቤት ይሸታል። አማቴ ቅቤውን በኮረሪማ አንጥረው፣ ውኃ በሚጨመርበት በኩል እስኪጠግብ አጠጥተውታል፤ ቱቦውንም በጣታቸው እስከ ጫፉ ድረስ አሽተውታል። እኔ ይህን አላወቅሁም፤ የወለወሉት መስሎኝ ነበር። ሁለት ሲኒ ደቀንኩና ማብሪያውን ተጫንኩ።

ለመጀመሪያ ጊዜ አልጮኸም። ቀጭን ትንፋሽ ብቻ። ልክ ሐጂ ሙደሲር ጋ ትቼው እንደመጣሁት ማሽን። «አየሽ?» አልኳት ወይንሸትን፣ «መሟሸት ነበረበት።» አማቴም በትሕትና ፈገግ አሉ።

ከዚያ ከማሽኑ ሆድ ውስጥ የሆነ ነገር ማጉረምረም ጀመረ። ምን እንደሆነ ልይ ብዬ ጎንበስ አልኩ። ቱቦው አንዴ አስነጠሰና ያን ሁሉ ቅቤ ወደ ኮርኒሱ ተፋው፤ ከኮርኒሱ ደግሞ ወደ እኔ ወረደ። መብራቱ ጠፋ፤ የኛ ብቻ ሳይሆን የረድፉ ሁሉ ጠፋ። እኔም ጮህኩ። ጩኸቴ ከማሽኑ ይበልጥ እንደነበር በኋላ ነግረውኛል።

በኛ ሰፈር ኩርፊያ የሚሠራው ሰው እስኪጮህ ነው። ቀድመው የገቡት እትዬ ዘነቡ ነበሩ፤ አንድ እግራቸው ላይ ብቻ ጫማ አለ። ከኋላቸው ሌሎቹ ሴቶች ግልብጥ ብለው መጡ። ያዩት ይህን ነው፤ እኔ መሬት ላይ ተቀምጫለሁ፤ ቅቤው ከአናቴ በጆሮዬና በአንገቴ እየወረደ ነው፤ አማቴ አፋቸውን በእጃቸው ይዘዋል፤ ወይንሸት ነጠላዋን ይዛ የቱን ልጥረግ እያለች ትዞራለች። እትዬ ዘነቡ ከእግሬ እስከ ራሴ በጥሞና ተመለከቱኝ። በቅቤ የራሰ ራስ በኛ አገር የማን እንደሆነ ታውቃላችሁ።

«እንኳን ማርያም ማረችህ» አሉኝ።

መጀመሪያ የሳቀችው ወይንሸት ናት። ከዚያች ከመጀመሪያዋ ማለዳ ወዲህ ይህን ሳቋን ሰምቼው አላውቅም ነበር። ሳትጨርሰው ሌሎቹ ተቀበሏት፤ አማቴ ሳይቀሩ ግድግዳ ተደግፈው ሳቁ። እኔም ልቆጣ ሞክሬ ነበር፤ ቅቤ ዓይኑ ውስጥ የገባ ሰው ሲቆጣ አያምርበትም።

ሳቁ ጋብ ሲል እትዬ ዘነቡ የደቀንኳቸውን ሲኒዎች አዩ። እስከ አፋቸው ሞልተው፣ ፈስሰው፣ ሳህኑን ሞልተውታል። ጥቁሩ ላይ ወርቃማ ቅቤ ተንሳፍፏል። አንዱን አነሱና ቅቤውን እፍ ብለው ወደ ዳር አስጠግተው ፉት አሉ። ሁላችንም አፋቸውን እንጠብቃለን።

«ጨው አላችሁ?» አሉ።

ወይንሸት እየሮጠች አመጣች። ቆንጠር አድርገው ጨመሩና እስከ አተላው ጠጡት። «አሁን ቡና ሆነ። ምን አደረጋችሁት?»

«አሟሽቼው ነው» አሉ አማቴ። ከዚያ እኔ በሕይወቴ በሙሉ የማመሰግናቸውን ነገር፣ ፊታቸው ሳይለወጥ፣ ቀስ ብለው ተናገሩ። «እነዚህ ልጆችም ያልተሟሸ ዕቃ ለሰው አይቀርብም ብለው ነው በር ዘግተው ሲሞክሩት የከረሙት። ረቡዕ ዕለት ጎደል አድርገው የቀዱትም ለዚሁ ነው አሉ፤ በጥሬ ዕቃ የፈላ ሞልቶ መስጠት ነውር ነው ብለው። እኔ እስክመጣ ነው የጠበቁት።»

ቤቱ ውስጥ ይህን ያመነ ሰው አልነበረም። እትዬ ዘነቡም አላመኑም፤ ከንፈራቸው ጠርዝ ላይ አይቻለሁ። ግን ሲኒያቸውን ዘረጉና «ይሄንንማ ቀድማ ብትነግረኝ ምን ነበረበት፣ ቅቤ እኔም ጋ አለ» አሉ። ቀጥለውም ወይንሸትን አጠገባቸው አስቀመጧት።

ማሽኑ አልሞተም። የመብራት ሠራተኛ አምጥቼ ሆዱን አስጠርጌዋለሁ። ቅቤው ግን ከደሙ አልወጣም፤ እስከ ዛሬ ሲኒው ላይ ስስ የወርቅ ሽፋን ሳይጥል ቀድቶ አያውቅም። ሥራውንም በፈቃዱ ነው የሚሠራው። ሰፈሩ ማሽኑን ጉራጌ ሆነ ብሎ ተቀብሎታል። ጋሽ ደምሴ አንድ ቀን ወንበር ሊቆጥሩ መጥተው፣ በርጩማ ላይ ከተቀመጡት ሴቶች መካከል ገብተው፣ በጨው ጠጥተው ሄዱ፤ ከዚያ በኋላ የካፌዬ ማኪያቶ አረፋው ወደ ቦታው ተመለሰ። ማሽኑ ሲጮህም አሁን ችግር የለም። እትዬ ዘነቡ በሙቀጫ ዘነዘናቸው ግድግዳውን ይመታሉ፤ «ሰምቻለሁ፣ እየመጣሁ ነው» ማለታቸው ነው።

ታዲያ አንድ ሐሙስ ጠዋት ፈረቃው የኛ ሆነና መብራት ጠፋ። ማሽኑ ዝም አለ። እኔም ኮቴን አነሳሁ። ወዲያው ከአጥሩ ማዶ የእትዬ ዘነቡ ድምፅ መጣ።

«ወይንሸት! ምነው ዛሬ ዝም አላችሁ? ምን አስቀየምናችሁ?»

«ኧረ እትዬ፣ መብራት ጠፍቶ ነው።»

«እንግዲያው ኑ። የኔው በመብራት አይደለም የሚፈላው። ባልሽንም ይዘሽው ነይ።»

ኮቴን መልሼ ሰቀልኩና ሄድኩ። ወይንሸት እትዬ ዘነቡ አጠገብ በቦታዋ ተቀምጣ፣ ስለ አታቱ ጉዞዬ ለሴቶቹ እያወራች፣ ሽማግሌውን እየመሰለች ታስቃቸዋለች። ቶናው ላይ ሳለን አንድ ሰው በሩ ላይ ቆመ። ካፌ ሄዶ አጥቶኝ፣ ፎቶ ቤት ሄዶ አጥቶኝ፣ እየጠየቀ የመጣ ነው።

«ጉርድ ፎቶ ልነሳ ነበር» አለ።

እኔ ሲኒዬን ላስቀምጥ ስል ወይንሸት ቀደመችኝ። ራመድ ብላ በርጩማ አቀበለችውና፣

«እስክንጨርስ ተቀመጥ» አለችው።